ሐሰት መናገርና መራጭን ማስቀረት

ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ አንዲት ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ለፍርድ ቤት የሚገባ አቤቱታ፣ ለቀበሌ የሚጻፍ ማመልከቻ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሊካሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ገብቶ በቴሌግራም የደረሰውን ማስታወቂያ ሃያ ቅጂ እንዳወጣለት ጠየቀኝ። ማስታወቂያው ራስጌው ላይ የመሥሪያ ቤት ስም፣ ግርጌው ላይ ክብ ማኅተም ነበረው። በምዝገባው የመጀመሪያ ሳምንታት የተሰጡ የመራጭ ካርዶች ስለተሰረዙ፣ ባለካርዶቹ ቀበሌ ቀርበው ካላስቀየሩ ድምፅ መስጠት እንደማይችሉ ይገልጻል። ሃያውን አትሜ ሰጠሁት፤ ሃያ አንደኛውን ደግሞ ለሰው ይጠቅማል ብዬ በገዛ እጄ የሱቄ በር ላይ ለጠፍኩት።

ማስታወቂያው ሐሰት ነበር። የተሰረዘ ካርድ አልነበረም። ነገሩ እኔን የበለጠ የሚያሳፍረኝ ሙያዬ ስለሆነ ነው። እውነተኛ ማኅተም ቀለሙ አንድ ወጥ አይደለም፤ እጅ የተጫነው ጎኑ ይደምቃል፣ ሌላው ይፈዛል፣ ክቡም ከፊርማው ላይ ይወጣል። በዚያ ወረቀት ላይ የነበረው ግን ዙሪያውን እኩል የደመቀ ሲሆን፣ ፊደሎቹ ከማኅተሙ በላይ ተቀምጠው ነበር፤ ማለትም ማኅተሙ ከሌላ ደብዳቤ ተቆርጦ መጥቶ፣ ጽሑፉ በላዩ ላይ ኋላ ተጽፏል። ይህን ያየሁት እሑድ ማታ ከበሩ ላይ ነቅዬ በአምፖል ስመለከተው ነው። አርብ ዕለት ዓይኔ አላየውም፤ ወረፋ ነበር።

ከሱቄ ፊት ለፊት ሽንኩርትና ቃሪያ በመደብ በመደብ ደርድረው የሚሸጡ እናት አሉ። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፣ እርሳቸውም ልጄ ይሉኛል። ማንበብ ስለማይችሉ የበሩን ወረቀት ያነበበላቸው አላፊ አግዳሚ ተማሪ ነው። ካርዳቸውን በመሀረብ ቋጥረው ከሰነበተበት አውጥተው፣ ቅዳሜን ያህል የገበያ ቀን ጉሊታቸውን ዘግተው ቀበሌ ሲጠብቁ ዋሉ፤ የሚያስተናግዳቸው አላገኙም። ሰኞ ሰኔ 14 ሰፈርተኛው በዝናብ ተሰልፎ ጣቱን ቀለም እያስነካ ሲመለስ፣ እርሳቸው ሽንኩርት ሲሸጡ ዋሉ።

ሰሞኑን ደንበኞቼ በኢንተርኔት ስለ ምርጫ ሐሰት የሚያሰራጭ ሰው በወንጀል ይጠየቅ አይጠየቅ ብለው ሲከራከሩ፣ እኔ ዝም ያልኩት ይህ ታሪክ ስላለብኝ ነው። ያኔ ያልተናገርኩትን አሁን እጽፈዋለሁ። እኔ ይጠየቅ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ይሁን እንጂ ወንጀሉ ውሸቱ ነው ብዬ አላምንም። ወንጀሉ መራጭን ሆነ ብሎ ማስቀረቱ ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ሕግ የሚገባውን ሳይይዝ የማይገባውን ይይዛል።

አገራችን ለዚህ የሚቀርብ ሕግ አላት፤ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012። በአዋጁ ትርጉም ሐሰተኛ መረጃ የሚባለው ንግግሩ ሐሰት ሆኖ፣ የሚያሰራጨው ሰው ሐሰትነቱን እያወቀ ወይም ሊያውቅ ሲገባው ያሰራጨውና ሁከት፣ ግጭት ወይም ጥቃት የማስነሳት ዕድሉ ከፍ ያለ ሲሆን ነው። ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ሲሆን፣ ድርጊቱ የተፈጸመው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። በሐሰቱ ምክንያት ሁከት ወይም ጥቃት ከተነሳ ደግሞ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል።

እንግዲህ የእማማን ጉዳይ ይዘን ወደዚህ አዋጅ እንግባ። በእርሳቸው ምክንያት ድንጋይ የወረወረ የለም፤ ቀበሌው በር ላይም ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው አልነበረም። የምርጫ ውሸት በባሕርይው ጸጥ ያለ ነው፤ የሚሳካው ሰው ሲነሳ ሳይሆን ቤቱ ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ የተሳካው ውሸት፣ ያ ወረቀት፣ ሁከት የማስነሳት ዕድል የለውምና ከአዋጁ ትርጉም ውጭ ይሆናል። በአንጻሩ ኮሮጆ ሲንቀሳቀስ አይቶ በድንጋጤ «ድምፃችን እየተሰረቀ ነው!» ብሎ የጻፈ፣ 6,000 ተከታይ ያለው አንድ ወጣት፣ ነገሩን ሳያጣራ ቢሳሳት፣ «ሊያውቅ ሲገባው» በሚለው ሐረግ ተይዞ ሦስት ዓመት ሊፈረድበት ይችላል። የእኔ የሱቅ በር ስንት ተከታይ እንዳለው አልተቆጠረም፤ ከፒያሳ ወደ ገበያ የሚወርደው ሰው ግን ሁሉ ያየዋል።

ሌላው ደግሞ ሰዓቱ ነው። አዋጁ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ ሲደርሳቸው ሐሰተኛውን መረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይላል። የምርጫ ጣቢያ የሚከፈተው ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን የሚዘጋው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። እሑድ ማታ የተለቀቀ ውሸት ሰኞ ማታ ቢነሳ የሚያድነው መራጭ የለም።

በካናዳ የሆነውን ያነበብኩ ቀን ነው ሐሳቤ መልክ የያዘው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተካሄደው የፌዴራል ምርጫ ዕለት፣ ጉዌልፍ በምትባል ከተማ ከ6,000 በላይ ወደሆኑ ስልኮች ከምርጫ አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት የተደወለ የሚመስል የተቀዳ ድምፅ ተላከ፤ የምርጫ ጣቢያችሁ ተቀይሯል ይላል፤ አልተቀየረም። ማይክል ሶና የተባለ የአንድ ፓርቲ የቅስቀሳ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ2014 ጥፋተኛ ተብሎ ዘጠኝ ወር እስራት ተፈረደበት። ልብ ይባል፤ የተከሰሰው በመዋሸቱ አይደለም፤ መራጭ ድምፁን እንዳይሰጥ ሆነ ብሎ በመከልከል ወይም ለመከልከል በመሞከር ነው። ዐቃቤ ሕግ ሁከት መነሳቱን ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ተከታይ መቁጠርም አላስፈለገውም።

አሜሪካኖቹ ይህን ነጥብ የሚነካ የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ዳግላስ ማኪ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ምርጫ ዋዜማ የሂላሪ ክሊንተን ደጋፊዎች ሳይሰለፉ ከቤታቸው ሆነው በስልክ የጽሑፍ መልእክት ድምፅ መስጠት እንደሚችሉ የሚናገር፣ የዘመቻው የራሱ ማስታወቂያ የሚመስል ምስል ትዊተር ላይ ለጠፈ። ቢያንስ 4,900 ስልኮች ወደተሰጠው ቁጥር መልእክት ልከዋል። ዐቃቤ ሕግ የከሰሰው የሌሎችን መብት ለመንፈግ ማደምን በሚከለክል፣ መነሻው እ.ኤ.አ. 1870 በሆነ ሕግ ነው፤ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት በአመፅ የሚነፍጉትን ለመቅጣት የወጣ ሕግ ነበር። ማኪ እ.ኤ.አ. በ2023 ጥፋተኛ ተብሎ ሰባት ወር ተፈረደበት፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ከሌሎች ጋር ማደሙ አልተረጋገጠም ብሎ ፍርዱን ሻረው። ምስሉን መለጠፉ አልተካደም፤ የጎደለው ሤራው ነው። ለአንድ ነገር የተሰፋን ልብስ ለሌላ ማልበስ እዚህ ላይ ያደርሳል። በቀጥታ «መራጭን ስለ አመራረጡ ሆነ ብሎ ያታለለ» የሚል ድንጋጌ ቢኖር ኖሮ ክርክሩ ሌላ በሆነ።

«ታዲያ ውሸት ሁሉ ለምን አይከለከልም?» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። አንድ ፓርቲ መንገድ ሠርቻለሁ ብሎ ቢዋሽ፣ አዘዞ የሚኖር መራጭ በባጃጅ ወርዶ መንገዱን ያየዋል፤ ተቃዋሚው ያጋልጠዋል፤ መራጩም ይመዝነዋል። ካርድህ ተሰርዟል የሚል ወረቀት ግን አይመዘንም፤ ይታዘዙታል። እማማ ክርክሩን ለመመዘን ምን ነበራቸው? ማኅተም አለው ተባሉ፤ ማኅተም ደግሞ የሚታዘዙት ነገር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳቤን የመግለጽ መብት አለኝ፣ በአንቀጽ 38 ደግሞ እርሳቸው የመምረጥ መብት አላቸው። ስለ ፓርቲ ወይም ስለ ምርጫው ፍትሐዊነት የማስበውን ብናገር፣ ብሳሳትም እንኳ፣ የእርሳቸውን መብት አልነካሁም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ካርዱን ወይም ማን መምረጥ እንደሚችል እያወቅሁ ብዋሽ ግን ነክቻለሁ። ከዚህ ውጭ ያለውን ውሸት ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ላለው ሕዝብ መተው ይሻላል።

ይህን ሁሉ ስል ፍርሃት የለብኝም ማለት አይደለም። በ2013ቱ ምርጫ ቀኑ ራሱ ስንት ጊዜ ተቀየረ? መጀመሪያ ነሐሴ 23 ቀን 2012 ነበር፤ በኮሮና ምክንያት ቀረ። ከዚያ ግንቦት 28 ቀን 2013 ተባለ፤ ከዚያም ሰኔ 14 ሆነ። የመራጮች ምዝገባም ተራዝሟል። በግንቦት መጀመሪያ «ምርጫው ሊገፋ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው የጻፈ ዕለት ወሬኛ ነው፤ በወሩ ማብቂያ እውነተኛ ነው። በምርጫው ዕለትም የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሟል፤ ያንን ዜና መጀመሪያ የነገረኝ ሰው በሬ ወለደ የሚል መስሎኝ ሳቅሁበት፤ እውነት ነበር። እንግዲህ መንግሥታዊው መርሐ ግብር እንዲህ በሚዋዥቅበት ጊዜ፣ «ሊያውቅ ሲገባው» የሚል መለኪያ ተራውን ሰው ገደል ይከተዋል። ሐሰትነቱን ማወቁና መራጭ ለማስቀረት ማሰቡ ሁለቱም ካልተረጋገጡ ማንም መታሰር የለበትም፤ ይህን ማስረዳት ለዐቃቤ ሕጉ ከባድ ነው ቢሉኝ፣ ይክበደው እላለሁ።

ኢንተርኔትን መዝጋትም መልስ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ወሬ አልተቋረጠም፤ በስልክ ጥሪ፣ በባጃጅ፣ በለቅሶ ቤት ዞረ። የሚያጣራበት መንገድ የጠፋው ለሚያጣራው ሰው ነው። በድሮው ጊዜ ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር፤ ማስተላለፍ የዜጋ ግዴታ ነበር ማለት ነው። በጃን ተከል ዋርካ ሥር ሳልፍ ይህ ቃል ትዝ ይለኛል፤ እኔም በሬ ላይ ስለጥፍ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ለዚህ ነው ወረቀቱን የፈጠረውና ሳያውቅ ያስተላለፈው በአንድ አንቀጽ ሊታዩ አይገባም የምለው።

ሳያውቅ ያስተላለፈውን ግን ዝም ብሎ መልቀቅም አይጥመኝም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው፣ ማለትም ለእኔ፣ የሚስማማው ግዴታ ማረም ነው ብዬ አስባለሁ፤ በለጠፈበት በር ላይ፣ በላከበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ፣ በዚያው በላከበት መጠን። ሐሰት መሆኑን ከተረዳ በኋላ እያወቀ ዝም ያለ ሰው መጠየቅ የሚጀምረው ከዚያ ሰዓት ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት ለእማማ ነገርኳቸው። ወረቀቱን የሠራው ሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ እርሱ ቢገኝ ምን ይፈረድበት አልኳቸው። ሽንኩርታቸውን እየደረደሩ ትንሽ ቆዩና፣ «እኔ እሱን መች አወቅሁት፤ እኔን የከፋኝ ሌላ ነው» አሉ። ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ወረቀቱ እሑድ ማታ ከበርህ ላይ ሲነሳ አይቼዋለሁ፤ ቀኑ አልፎበት ያነሳኸው መሰለኝ። ለምን እንዳነሳኸው ብትነግረኝ ሰኞ እሄድ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

ከበሬ እስከ መደባቸው አሥራ አምስት እርምጃ ነው። ያን ዕለት ማታ ስላፈርኩ አልተሻገርኩም።