መጥሪያው ማን እጅ ቀረ?

ድሬዳዋ፣ ማታ

በወንጀል ችሎት ስለተከማቸ ውዝፍ መዝገብ ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው መልስ «ዳኛ ይጨመር» ነው። የዳኛ እጥረት መኖሩ እውነት ነው። ያደረ መዝገብ ገልጦ ትእዛዞቹን ለሚያነብ ግን ጊዜውን የበላው ሌላ ነገር ነው። «ምስክር ስላልቀረበ ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጥቷል።» ቀጥሎ ያለው ገጽም ያንኑ ይላል።

የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ለጊዜ ግድ አለው። በቁጥር 59 ለምርመራ የሚሰጥ ቀጠሮ በየጊዜው ከ14 ቀን አይበልጥም፤ በቁጥር 109 ዐቃቤ ሕግ የምርመራ መዝገብ በደረሰው በ15 ቀን ክስ ያዘጋጃል። ነገሩ የሚላላው ምስክር መስማት ላይ ሲደረስ ነው።

የምስክሩ መጥሪያ ከፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ወጥቶ ፖሊስ ጣቢያ ይገባል። ቃል የተቀበለው መርማሪ ተዛውሯል። አድራሻው ላይ ያለው የቀበሌ ቁጥር ብቻ ነው። ምስክሩ ከፊራ ገበያ ላይ የቀን ሥራ ይሠራ ከነበረ፣ እስከዚያ ጅግጅጋ ወይም ጅቡቲ ገብቶ ይሆናል። ታዲያ ማን ያገኘዋል?

መፍትሔው የሚጀምረው ፖሊስ የምስክሩን ቃል ሲቀበል ነው። የራሱን ስልክና ከሰፈሩ የማይነቃነቅ የአንድ ዘመድ ስልክ፣ የቤቱን ምልክት («ከመስጊዱ ጀርባ» ከቤት ቁጥር ይሻላል)፣ የሚመሰክርበትን ቋንቋ መጻፍ። በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ የሚናገር ምስክር መጥቶ አስተርጓሚ ስለሌለ መመለሱ ያሳዝነኛል፤ ያ ሰው ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል። የተፈረመው የመጥሪያ መመለሻ (መጥሪያው ለምስክሩ መድረሱን የሚያሳየው ወረቀት) ከቀጠሮው 5 ቀን በፊት መዝገቡ ውስጥ ይግባ። ካልገባ ሬጅስትራሩ በዚያው ቀን ይደውል፤ ካልተገኘም ሰዓቱ ለሌላ መዝገብ ይሰጥ።

ሦስት ምስክር ተጠርቶ ሁለቱ ከመጡ ሁለቱ ይሰሙ። ከዚያ በኋላ ያለው በተከታታይ ቀን ይቀጠር፣ በየወሩ አንድ አንድ ሰው አይሁን። ሲንጠባጠብ ዳኛው ይቀየራል፣ አዲሱ ዳኛ የድምፅ ቅጂው ተገልብጦ እስኪደርስ ይጠብቃል፣ ምስክሩም ያየውን ይረሳል።

ዋስትና የተከለከለ ተከሳሽ ምስክር ስላልቀረበ ወደ ማረሚያ ቤት ሲመለስ መዝገቡ ላይ የሚጨመረው ያው አንድ መስመር ነው። እዚያ መስመር ላይ መጥሪያው በስንት ቀን እንደወጣ፣ ማን እንደተረከበውና የት እንደቆመ ይጻፍ።