ከስፌቱ በላይ የታየው ጉብታ

ለሦስት ሳምንት ያህል የራሴ ስሕተት እየመሰለኝ ከብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች ንድፌ (ግራፌ) ላይ በላጲስ ሳጠፋው የነበረ አንድ ጉብታ ትክክለኛ መሆኑን ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጭ ብዬ አረጋገጥኩ። ደስታዬ ትልቅ ስለሆነ፣ እንደ እኔ ከሥራ ሰዓት ውጪ ጂኦሎጂ ለምታጠኑ ወዳጆቼ የሄድኩበትን መንገድ፣ የተሳሳትኩበትንም ጭምር፣ ልጽፍላችሁ ወሰንኩ።

የማጠናው ቦታ በአሜሪካ፣ በአይዳሆና በሞንታና ግዛቶች ወሰን ላይ፣ በቢቨርሄድ ተራሮች የሚገኘው ሌምሂ ፓስ ነው። እንደ እኛ ጣርማ በር ያለ የተራራ በር ሲሆን፣ 2,247 ሜትር ላይ ስለሚገኝ ከፍታው ከአዲስ አበባ ብዙም አያንስም። የሉዊስና የክላርክ የአሰሳ ጓድ በ1805 እ.ኤ.አ. ወደ ምዕራብ የተሻገረው በዚሁ በር ነበር። የአካባቢው ድንጋይ እጅግ ያረጀ ኳርትዛይትና ደቃቅ ደለል የጠጠረበት ድንጋይ ነው፤ በስንጥቆቹ የገባው ትኩስ ፈሳሽ ደግሞ ኳርትዝ፣ ሄማታይት፣ ቶራይትና ሞናዛይት የተባሉ ማዕድናትን የያዙ ቀያይ ሥሮችን ትቶበት ሄዷል። በሞንታና በኩል ያለው ላስት ቻንስ የተባለው ሥር ብቻውን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ይህን ቦታ የመረጥኩት የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የናሙና ትንታኔዎቹን አሳትሞ ለማንም ክፍት ስላደረጋቸው ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በአጭሩ ልለፋቸው። ብርቅዬዎቹንና ቶሪየምን ከሚይዙት ማዕድናት ሞናዛይት ፎስፌት፣ ቶራይት ሲሊኬት፣ ባስትናሳይት ደግሞ ፍሎሪን ያለበት ካርቦኔት መሆናቸውን ሸመደድኩ። «ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች» (ከላንታነም እስከ ሉቴሺየም ያሉት ተመሳሳይ ብረቶች) የሚለው ስም አሳሳች መሆኑንም ያኔ ተረዳሁ፤ በላይኛው የምድር ቅርፊት ውስጥ ሴሪየም በአማካይ 63 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 63 እጅ) ሲሆን፣ ማንም ብርቅ የማይለው መዳብ 28 ፒፒኤም ብቻ ነው። ከዚያ ጊዜ ስሕተቶቼ አንዱን ግን ሳልናገር አላልፍም። ጋይገር ቆጣሪ የተባለው የጨረር መለኪያ ብርቅዬዎቹን የሚያገኝ መሣሪያ ይመስለኝ ነበር። መሣሪያው የሚሰማው ጨረር አመንጪውን ቶሪየምና ከእሱ የሚወለዱትን ንጥረ ነገሮች ሲሆን፣ ብርቅዬዎቹ የሚገኙት በጉርብትና ነው። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የማውንቴን ፓስ ክምችትም የታወቀው በ1949 እ.ኤ.አ. ዩራኒየም ፍለጋ በወጡ ሰዎች ቆጣሪ ነበር። ጉርብትናው ምክንያት አለው፤ የቶሪየም አዮን በስፋቱ ከኒዮዲሚየምና ከሳማሪየም አዮኖች ጋር ስለሚቀራረብ በሞናዛይት ውስጥ ቦታቸውን ይይዛል፣ የሚተርፈውንም አንድ የኤሌክትሪክ ሙሌት ሲሊከን ፎስፈረስን በመተካት ያስተካክለዋል። ሆኖም ቶሪየም በቶራይት መልክ ብቻውን ሊከማችም ስለሚችል፣ ቆጣሪው አብዝቶ የጮኸበት ቦታ ሁሉ ኒዮዲሚየም የበዛበት ቦታ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ችግሬ ልግባ። የብርቅዬዎቹን መጠን ከሠንጠረዥ ወስዶ እንዳለ በመሥመር ለማያያዝ የሚሞክር ሰው የሚያገኘው የመጋዝ ጥርስ ነው። የላይኛውን ቅርፊት አማካይ ተመልከቱ፦ ላንታነም 31፣ ሴሪየም 63፣ ፕራሲዮዲሚየም 7.1፣ ኒዮዲሚየም 27 ፒፒኤም። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ የሚለው ድንጋዩ አንዳች ነገር ስለደረሰበት አይደለም፤ አቶማዊ ቁጥራቸው ሙሉ የሆኑት ንጥረ ነገሮች ጎዶሎ ቁጥር ካላቸው ጎረቤቶቻቸው ይልቅ ከመነሻቸው፣ በከዋክብት ውስጥ ሲፈጠሩ ጀምሮ ስለሚበዙ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መጠን ኮንድራይት በተባለው ጥንታዊ የሜትዮራይት ዓይነት ውስጥ ላለው መጠን ይካፈላል። የኮንድራይቱ ቁጥሮች በዚያው ቅደም ተከተል 0.237፣ 0.613፣ 0.0928 እና 0.457 ናቸው፤ ሲካፈሉ 131፣ 103፣ 77 እና 59 ይመጣሉ፣ መጋዙም ወደ ቀና ቁልቁለት ይለወጣል። ቀጥለው ሳማሪየም 32፣ ዩሮፒየም 18፣ ጋዶሊኒየም 20 ይሆናሉ። ዩሮፒየም ላይ የምትታየው ትንሽ ጉድጓድ ትርጉም አላት፤ ዩሮፒየም ከወንድሞቹ ተለይቶ ከሦስት ይልቅ ሁለት ሙሌት ብቻ ሊይዝ ስለሚችል፣ በካልሲየም ቦታ ፕላጂዮክሌዝ በተባለው ማዕድን ውስጥ ገብቶ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህችን ጉድጓድ በገዛ እርሳሴ ነጥብ ሳገኛት ትምህርቱ ያን ቀን የእኔ ሆነ።

በእርሳስ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ጀማሪ በኮምፒውተር መጀመር የለበትም ብዬ አጥብቄ አምናለሁ፤ ፕሮግራሙ መሥመሩን ሲያወጣላችሁ ዓይናችሁ መሥመሩን እንጂ እያንዳንዱን ንጥረ ነገር አያይም። እኔ የምጠቀመው ሎጋሪዝማዊ ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ካለፈው አሥር እጥፍ ይሆናል። በእጄ የነበረው ባለ ሦስት እርከን ወረቀት ለሥሮቹ ስላልበቃኝ፣ ከመሥሪያ ቤቴ አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሁለት ቅጂ አስነሥቼ አንዱን ከሌላው በላይ በፕላስተር አጋጠምኳቸው። ስፌቱ 1,000 ላይ ዋለ።

የሌምሂን ናሙናዎች በዚያ ወረቀት ላይ ስነድፍ፣ የጠበቅኩት ከማውንቴን ፓስ ያየሁትን፣ ከላንታነም ጀምሮ እስከ ሉቴሺየም በቁልቁለት የሚወርደውን መሥመር ነበር። መሥመሩ ግን ከላንታነም ወደ ኒዮዲሚየም ይወጣል፣ በሳማሪየምና በዩሮፒየም አካባቢ ይጎብጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። ጉብታው በሙሉ ከስፌቱ በላይ ነው። በማስመሪያ ስለካው የታችኛው ወረቀት አንድ እርከን 77 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው 83 ሚሊ ሜትር ሆኖ አገኘሁት፤ ማሽኑ አንደኛውን ቅጂ አሳንሶ ኖሯል። ጥፋቱን ሁሉ ለስፌቱ ሰጠሁና ጉብታውን አጥፍቼ፣ መሆን አለበት ባልኩት አቅጣጫ መሥመሩን ቀና አድርጌ ሳልኩት። ይህን ሦስት ጊዜ አድርጌአለሁ፤ ከጥናቴ ሁሉ የምጸጸትበት ይህ ነው፣ ምክንያቱም ናሙናው የነገረኝን ትቼ የጠበቅኩትን ነበር የጻፍኩት።

ቅዳሜ ዕለት ባለ አምስት እርከን ወረቀት በአንድ ገጽ ላይ አሳትሜ፣ እርከኖቹን አንድ በአንድ ለክቼ፣ ናሙናዎቹን እንደገና ነደፍኩ። ጉብታው በአብዛኞቹ ላይ እዚያው ቦታ ቆሟል። ከዚያም ወደ ጽሑፎቹ ተመልሼ ሳነብ፣ ሌምሂ ፓስ የሚታወቀው በዚሁ በመካከለኞቹ ብርቅዬዎች መበልጸግ መሆኑን፣ ሞናዛይቱም እንደ ተለመደው ሴሪየም ሳይሆን ኒዮዲሚየም የሚበዛበት መሆኑን አገኘሁ። አንቀጹን ቀደም ሲል አንብቤው ነበር፤ ወረቀቴ ላይ እስካየው ድረስ ግን ምንም አልነገረኝም።

ለምትጀምሩ ሰዎች የምመክረው ጥቂት ነው። ወረቀታችሁን ነጥብ ከማስቀመጣችሁ በፊት ለኩት። ሠንጠረዡ መጠኑን በኦክሳይድ የሚሰጥ ከሆነ ወደ ንጥረ ነገር ቀይሩት፤ የላንታነም ኦክሳይድ በ1.173፣ የኒዮዲሚየም ኦክሳይድ በ1.166 ይካፈላል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሥራዬን ሳልቀይር ነው የነደፍኩት፤ አካፋዮቹ ስለሚቀራረቡ የመሥመሩ ቅርጽ ብዙም ባይለወጥም፣ ነጥቦቹ ሁሉ ከቦታቸው ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፣ አሁንም ያላስተካከልኳቸው ወረቀቶች አሉ። ጋይገር ቆጣሪ ለመግዛት ገንዘብ የምታጠራቅሙ ካላችሁ ደግሞ ቆዩ እላለሁ፤ ቶሪየምን ከዩራኒየም ለይቶ አይነግራችሁም። ያን የሚለየው የጋማ ጨረሩን ጉልበት የሚለካው ስፔክትሮሜትር ነው፤ የቶሪየም ዘር የሆነው ታሊየም 208 በ2.61 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት፣ የዩራኒየም ዘር የሆነው ቢስመዝ 214 በ1.76 ይታወቃሉ።

አሁን የያዘኝ ጥያቄ አፓታይት ነው። አፓታይትም ብዙ ጊዜ መካከለኞቹን ብርቅዬዎች አብልጦ የሚቀበል ማዕድን ስለሆነ፣ በወለጋ ጊምቢ አቅራቢያ ያለውን የቢቂላልን አፓታይት ከሌምሂ ሥሮች ጎን ለጎን መንደፍ እፈልጋለሁ። ቢያንስ ከላንታነም እስከ ጋዶሊኒየም የተሟላ የቢቂላል ትንታኔ ያላችሁ ብታካፍሉኝ፣ አንድ ባለ አምስት እርከን ወረቀት ለክቼ ባዶውን አስቀምጬለታለሁ።