ለሽጉጥ ማህደር ቆዳ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃ ጠብ አድርጉበት

ይሄን አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ስንት ገንዘብና ስንት ንዴት ይቀርልኝ ነበር። መቁረጡ፣ መብሳቱ፣ መስፋቱ በልምምድ ይመጣል። ቆዳው ግን ከመነሻው የማይሆን ከሆነ ምንም ያህል እጃችሁ ቢሰላ አያድነውም።

ሻጩ «ለቅርጽ ሥራ የሚሆን፣ አንደኛ ደረጃ» ብሎ ነው የሰጠኝ። ፊቱ ያበራል፣ ቀለሙ ወጥ ነው፣ አንዲት ጠባሳ የለበትም። በስፖንጅ አርሼው፣ ጠፈፍ እስኪል ጠብቄ፣ በማህተምና በመዶሻ ቅጠል አወጣሁበት። ያኔ ያምር ነበር። እየደረቀ ሲሄድ ግን የቅጠሉ ጠርዝ እየተነፋ፣ ጅማቶቹ እየጠፉ መጡና ጠዋት ላይ ደብዘዝ ያለ ምልክት ብቻ ቀረ። ስደውልለት «ውሃ አብዝተህበት ነው» አለኝ። እስካሁን ያናድደኛል! በምላጭ ስቆርጠው እኮ መሃሉ ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። በክሮም፣ ማለትም በክሮሚየም ብረት ጨው፣ የተለፋ ቆዳ ነው።

የክሮም ቆዳ ቶሎ ይደርሳል፣ ለስላሳ ነው፣ ለጃኬትና ለጫማ ግሩም ነው። ግን ተጭነውት ሲለቁት ይመለሳል። ውስጡ የሚቀረው ጨው ብረት ሊያዝግም ይችላል፤ ሽጉጥ ደግሞ ብረት ነው። ለእኛ የሚሆነው ከግራር፣ ከኦክና ከመሳሰሉት ዛፎች ቅርፊት በሚወጣ ታኒን፣ ማለትም ቆዳ በሚያለፋ የዕፅ ንጥረ ነገር፣ የተለፋው ነው። ልፋቱ ሳምንታት ይፈጃል። ውሃ ይጠጣል፣ ሲደርቅም የሰጣችሁትን ቅርጽ እንደያዘ ይደርቃል።

አሁን ቁራጭ ናሙና ሳልፈትን አልገዛም። ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ። ቶሎ ጠጥቶ ከጠቆረ ጥሩ፤ ከላዩ ከተንከባለለ ፊቱ ተቀብቷል ማለት ነው። እርጥቡ ላይ ጥፍሬን እጫናለሁ፣ ከዚያ አድርቄ አያለሁ። ፊቱን ወደ ውስጥ አጥፌም አየዋለሁ፤ ደቃቅ ሽብሽብ ካወጣ ደህና ነው፣ ሰፋፊና ልቅ እጥፋት ካወጣ ግን ውስጡ የላላ ነው። የሥጋው ወገን ሲፈተግ ረጃጅም ክር የሚለቅ ከሆነም ተዉት።

ብዙ መመሪያዎች «ሙሉ ጎን (በጀርባው መሃል ለሁለት የተከፈለ የከብት ቆዳ ግማሹን) ግዙ፣ ይረክሳል» ይላሉ። ለጀማሪ አልስማማም። ከሙሉ ጎን ጋር ሆዱም አብሮ ይመጣል፤ ሆድ ይለጠጣል፣ ለማህደር አይሆንም። ትከሻ ወይም ጀርባ ብቻ ግዙ። ጠባሳም አያስፈራችሁ። ትንሽ የእሾህ ጭረት ያለበት ፊት ቢያንስ እንዳልተሞረደና ቀለም እንዳልተለበጠበት ያሳያል፤ እኔ ከሚያብለጨልጨው ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

ውፍረቱ ከ2.8 እስከ 3.6 ሚሊ ሜትር ይበቃል። የቆዳ ውፍረት በሚለካበት ኦውንስ ከ7 እስከ 9 መሆኑ ነው፤ 1 ኦውንስ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። «ወፍራም ይሻላል» የሚለውን አትስሙ። ጥቅጥቅ ያለ 3 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ከሚመስል 4 ሚሊ ሜትር በብዙ ይበልጣል።

በዚህ ጉዳይ የማልደራደረው ለውበት ብዬ አይደለም። ከላላ ቆዳ የተሠራ ማህደር ሲቆይ አፉ ወደ ውስጥ ይተኛል። ሽጉጡ ሲገባ የታጠፈው ጠርዝ ቃታው ላይ ሊያርፍና ሊያስተኩስ ይችላል። ስለዚህ በአገልግሎት ብዛት አፉ የለሰለሰ ማህደር ሰው ይዞልኝ ሲመጣ አልጠግነውም። ጣሉት ነው የምለው።