የሁለት ደቂቃ ንግግር፣ የአምስት ወር የቤት ሥራ

ጥቅምት 2017

የክበባችን ልጆች «እንዴት ተመረጥሽ?» እያላችሁ ስለጨቀጨቃችሁኝ ልጻፈው። አንድ ድርጅት ለተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ሁኔታ ኮሚሽን ስብሰባ የወጣት ተወካይ ይፈልግ ነበር። አመለከትኩ። ቃለ መጠይቁ በስልክ ነበር፤ መሃል ላይ መብራት ጠፋ፣ ኔትወርኩም ተከትሎት ሄደ። መልሰው ደወሉ። አለፍኩ። በቃ ይሄው ነው።

ከባዱ ንባቡ ነው። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመ ነው፤ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ኒውዮርክ ይሰበሰባል። የዘንድሮው 69ኛው ሲሆን ዋናው ጉዳይ የቤጂንግ የዓለም ሴቶች ጉባኤ 30ኛ ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ቤጂንግ ላይ 189 አገሮች የተስማሙበት ሰነድ 12 ጉዳዮችን ይዘረዝራል፤ ከድህነትና ከትምህርት ተነስቶ እስከ ልጃገረዶች ድረስ። አንድ ነገር ደግሞ አገኘሁ። ሕገ መንግሥታችን ሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 15 ቀን 1987 ነው። የቤጂንግ ጉባኤ የተከፈተው ነሐሴ 29። ሁለት ሳምንት! ስለ ሴቶች መብት የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 35 ከቤጂንጉ ሰነድ ጎን አድርጋችሁ አንብቡት፤ የአንድ ሰፈር ልጆች ይመስላሉ።

ኅዳር

ሙሉ ወሩን ግስ ስለቅም ከረምኩ። በእነዚህ ሰነዶች «ያስታውሳል» እና «ያሳስባል» አንድ አይደሉም። «ያበረታታል» የሚለውን ሳይ አሁን አሁን እጠራጠራለሁ፤ ማንንም አያስገድድም። ያልተስማሙበትን ቃል ደግሞ በቅንፍ ያጥሩታል። ቅንፍ ሰው እንዲህ እንቅልፍ ያሳጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጥር

የንግግሬ ርዕስ «ክፍያ የሌለው የእንክብካቤ ሥራ» ነበር። ጅማ፣ ሂርማታ ቤታችን ቡና ሲፈላ ተነስቼ አነበብኩ። ጎረቤታችን እትዬ አቦሉን ጠጥተው ዝም፣ ቶናውን ጠጥተው ዝም። በረካ ላይ «ልጄ፣ ምንድነው እሱ?» አሉኝ። ውሃ መቅዳት፣ ምግብ ማብሰል፣ ልጅ መያዝ ነው አልኳቸው። «ታዲያ የቤት ሥራ አትይም?» እናቴ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ተማሪ ቤት የቤት ሥራ የሚሰጠው ለሁሉም እኩል ነው፤ ወንድሜ ያኛውን የቤት ሥራ ግን ሠርቶ አያውቅም።

ያን ሌሊት ንግግሩን ቀደድኩት። በምትኩ ሰባተኛ ክፍል እያለሁ አጋሮ አካባቢ አያቴ ጋ የሆነውን ጻፍኩ። ቡናው ሲቀላ ለቀማ ስለሚበዛ ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቀረሁ። ከማሳ ስንመለስ ወንዶቹ ያርፋሉ፣ እኛ እንጀራ እንጋግራለን። አራት ደቂቃ ወጣው። የተሰጠኝ ሁለት ነው። ጠቃሚ ምክር ካላችሁኝ፦ በስልክ ሰዓት እየያዛችሁ፣ ቆማችሁ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። በልብ ሲነበብ ሁሉም ያጥራል።

የካቲት

ቪዛ። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁለት ጊዜ ምልልስ። ወገቤን አትጠይቁኝ።

መጋቢት

ስብሰባው መጋቢት 1 ተከፈተ። አገሮቹ የሚስማሙበት ሰነድ፣ ፖለቲካዊ መግለጫው፣ የጸደቀው ያኔውኑ፣ በመክፈቻው ቀን ነው። እኔ አሥር ቀን ሙሉ ክርክር ሰምቼ ግሶቼን ልጠቀም ነበር የመጣሁት! ለካ አገሮቹ ከሳምንታት በፊት ጀምረው ሲደራደሩበት ቆይተዋል። እኔ የደረስኩት ሠርጉ ላይ ነው፤ ሽምግልናው አልቋል። ቀጣይ የምትሄዱ፣ አስተያየታችሁን ጥርና የካቲት ላይ ላኩ። መጋቢት ላይ የሚቀረው ጭብጨባ ነው።

የተናገርኩት ከዋናው ግቢ ውጭ፣ ድርጅቶች በሚያዘጋጁት የጎንዮሽ ውይይት ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ይፋዊ ቋንቋዎች ስድስት ናቸው፤ የእኛ የሉበትም። ሰላምታዬን ብቻ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አድርጌ በእንግሊዝኛ ቀጠልኩ። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጤ በጀኝ። (ጾም ስለነበር «ቪጋን» የሚል ምልክት ባየሁበት ሁሉ ስገባ ነው የከረምኩት። ሽሮ ግን አልነበረም።)

ከዚያ አንዲት ከላቲን አሜሪካ የመጣች ልጅ እጇን አወጣች። «በለቀማ ጊዜ የሚቀሩት ሴት ተማሪዎች ስንት ናቸው? ወንዶቹስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አምስት ወር ቃል ስመርጥ አንድ ቀን እንኳ አልቆጠርኩም። «ብዙ ናቸው» አልኩ። ወዲያው አፈርኩ። እሷ ልትጥለኝ አልነበረም፤ እነሱ አገር በእርሻ ወቅት የሚቀሩትን ከየትምህርት ቤቱ መዝግበው ነው ወደ ስብሰባ የሚመጡት። ሻይ ሰዓት ላይ ቅጻቸውን አሳየችኝ። አንድ ገጽ ነው። ቀን፣ ክፍል፣ ጾታ፣ ምክንያት።

ሚያዝያ

ቤት ስደርስ እትዬ «ታዲያ ምን አሉሽ?» አሉኝ። አጨበጨቡልኝ አልኩ። «ከዚያስ?» ቆጥረሽ ነይ አሉኝ አልኩ። «ልክ ናቸው» ብለው ቡናቸውን ጠጡ።

ቅጹን ወደ አማርኛና ወደ አፋን ኦሮሞ መልሼዋለሁ። አንድ አስተማሪ የስም መጥሪያውን ከኔ ጋር ለማየት እሺ ብሎኛል፤ የተማሪ ስም ሳንጽፍ፣ ቁጥር ብቻ። ለቀማው ጥቅምት ላይ ይጀምራል። ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ሁለት ሰው ያስፈልገኛል። ማን ይመጣል?