ፀጉሯ ከራሷ ያልተያያዘው ልጅ

ካርቱኑ ቀሽም ነው። ይሄን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል። ልጆቹ ሲራመዱ እግራቸው ወለሉ ላይ ይንሸራተታል። ዕቃ ሲያነሱ ጣታቸው ዕቃው ውስጥ ይገባል። ቦታው ሁሌ ያው ክፍል፣ ግድግዳውም ያው ግድግዳ ነው። እኔ ግን እሁድ ሲመጣ ከስንቱ ምርጥ ፊልም መሀል እሱን ነው የምከፍተው።

ሆሎግራ ይባላል። ሆሎላይቭ የተባለው የጃፓን የቪቲዩበሮች ቡድን ከ2019 ጀምሮ በዩቲዩብ የሚለቀው አጫጭር አስቂኝ ተከታታይ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) አንዱ ክፍል ቢረዝም ጥቂት ደቂቃ ነው። ቪቲዩበር ማለት፣ ለማያውቅ፣ የራሱን ፊት ሳያሳይ በተሳለ ገጸ ባሕርይ ተመስሎ ላይቭ የሚገባ ሰው ነው። ሰውየው ሲስቅ ስክሪኑ ላይ ያለችውም ትስቃለች፤ አንገቱን ሲያዘነብል ታዘነብላለች። ነገሩ በ2016 መጨረሻ ኪዙና አይ ስትመጣ ነው ስም ያወጣው። ከዚያ በኋላማ እንደ አሸን ፈሉ።

ሆሎግራ ላይ የሆሎላይቭ ልጆች ራሳቸውን ሆነው ይጫወታሉ። ሽራካሚ ፉቡኪ ነጭ ቀበሮ ናት። ሰው ሁሉ ድመት ይላታል፣ እሷም ቀበሮ ነኝ ብላ ትጮኻለች። ቀልዱ ይሄው ነው፣ ሌላ የለውም። ሮቦኮ ደግሞ እጅግ የረቀቀች ሮቦት ነኝ ባይ ናት፣ ግን ነገር ማበላሸት ይቀናታል። ከሁሉ የምወዳት አኪ ሮዘንታልን ነው። ግራና ቀኝ የወረዱት ሁለት የፀጉር ጉንጉኖቿ ከራስ ቅሏ ጋር አይገናኙም። በመሀል ክፍተት አለ። አየር ላይ ነው የሚንሳፈፉት።

ባለፈው እማዬ በኋላዬ ስታልፍ አየቻት። ቆም አለች።

«በስመአብ! ፀጉሯ ተነቅሎ ነው?»

«አይ እማዬ፣ ስትሠራም እንዲሁ ነው የተሠራችው።»

«ብር አልቆባቸው ነዋ።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ምክንያቱም አዘጋጆቹም ያሰቡት ይሄንኑ ይመስላል፤ አልደበቁትም። እንዲያውም በጉንጉኖቹ ሙድ ይይዙባታል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ሌላ ቦታ ቢሆን «ይስተካከል» ተብሎ በተላከ ነበር። እዚህ ግን ጉድለቷ ራሱ መታወቂያዋ ሆነ።

ለምን እንደምወደው ዛሬ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ስለማያደክም ነው የሚል ነበር። እሱም እውነት ነው፤ ከሥራ መልስ ጭንቅላቴ ዞሮ ሌላ ነገር አይገባልኝም። ግን የማያደክም ነገር ሞልቷል፣ ብዙውም ያሰለቻል። ይሄኛው የማይሰለቸኝ በድምፁ ይመስለኛል። ስዕሉ ድሃ ስለሆነ ጆሮዬ ይነቃል። ፊቷ ላይ ብዙ የሚነበብ ነገር የለም፤ ቅንድብ ከፍ፣ ዓይን ጨፈን፣ አፍ ከፈት፣ አለቀ። ቀሪውን ሁሉ የምትሸከመው ልጅቷ በድምፅዋ ነው። ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል፣ ቃሉን ሆን ብላ ስትጎትተው ይሰማኛል። ባማረ አኒሜሽን ውስጥ ይሄ ሁሉ በስዕሉ ይዋጣል።

ሌላው ነገር ልጆቹን ከዚያ በፊት ማወቄ ነው። ላይቭ ላይ ሰዓታት ሙሉ ሲያወሩ ይውላሉ። ጌም ይጫወታሉ፣ ይሸነፋሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ስለበሉት ነገር ያወራሉ። ሆሎግራ ያንን ሁሉ ሰዓት በደቂቃዎች ይጨምቀዋል። የቤተሰብ ቀልድ እንደማለት ነው፤ አጎትህ ገና አፉን ሳይከፍት ትስቃለህ፣ እንግዳው ግን ምኑ እንዳሳቀህ አይገባውም። ተከታታዩ ውስጥ ኤ-ቻን የምትባል ባለ መነጽር ልጅ ነበረች። የድርጅቱ ሠራተኛ ናት። ሌሎቹ ሲያብዱ እሷ «ኧረ ተዉ» ባይ ነበረች። በ2024 ሥራዋን ስትለቅ እኔም እንደ ጎረቤት አዘንኩ። የቢሮ ሠራተኛ ስለለቀቀች ማዘን! ለማን ይነገራል?

ይህ ቅሽምና ዘር አለው። በ2008 ሂጉቺ የተባለ ጃፓናዊ ሚኩሚኩዳንስ የተባለ ሶፍትዌር ሠርቶ በነፃ ለቀቀ። ዓላማው ሃትሱኔ ሚኩን ማስደነስ ነበር። ሚኩ በ2007 የወጣች፣ በኮምፒውተር ድምፅ የምትዘፍን ገጸ ባሕርይ ናት። ሶፍትዌሩን ማንም አውርዶ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ይሠራበታል። ሞዴሉ፣ ማለትም በኮምፒውተር የተሠራው አካል፣ አጥንት አለው፤ አጥንቱን እያጠፍክ፣ ቦታ እያስያዝክ ታንቀሳቅሰዋለህ። አፏ እንኳ በአብዛኛው በአምስት ቅርጽ ነው የሚሠራው፦ አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ። በአምስት ቅርጽ ስንት ነገር ተወራ!

በ2011 በዚሁ ሶፍትዌር የተሠራ የቲቪ ተከታታይ ወጣ፣ ጂዲጂዲ ፌሪስ። ሦስት ትንንሽ ተረት መሰል ልጆች ቁጭ ብለው የማይረባ ወሬ ያወራሉ። እኔ የምጠብቀው ሐይቁን ነበር። ሐይቁ ውስጥ ግራ የገባው ምስል ይታያል። የሆነ ሽማግሌ ሊዘል ይችላል፣ የሆነ ነገር ሊሽከረከር ይችላል፣ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ሦስቱ ድምፅ ሰጪዎች እዚያው በዚያው ድምፅ ሊፈጥሩለት ይገባል። ስክሪፕት የለም። አንዷ ትሞክራለች፣ ይከሽፍባታል፣ ሌሎቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ገጸ ባሕርይዋ ትጠፋና ድምፅ መቅጃ ክፍል ውስጥ ያለችው ሴትዮ ብቅ ትላለች። ለእኔ የዛሬዎቹ ቪቲዩበሮች ከዚያ ሐይቅ የወጡ ይመስለኛል።

ግን ርካሽ የሆነ ሁሉ ይጣፍጣል ማለቴ አይደለም። በጃንዋሪ 2019 ታዋቂ ቪቲዩበሮችን ሰብስቦ ቨርቹዋል-ሳን ዋ ሚቴይሩ የተባለ ተከታታይ ቲቪ ላይ ወጣ። 12 ክፍል። ሁሉ ነበረው፤ ስም፣ ሰዓት፣ ጣቢያ። እኔ ግን ከሁለተኛው ክፍል አላለፍኩም። ልጆቹ የተጻፈላቸውን ሲያነቡ ይሰማኛል። ላይቭ ላይ ሲሆኑ የማውቃቸው እነዚያ ተንኮለኞች እዚህ የትምህርት ቤት ቲያትር ላይ ግጥም እንደሚያነቡ ልጆች ሆኑ። ስዕሉ ከሆሎግራ አይከፋም። ቅሽምናው አንድ ነው፣ ነፍሱ ነው የሌለው።

አንድ ነገር ግን ትንሽ ይከነክነኛል። የሆሎላይቭ ባለቤት ኮቨር በማርች 2023 ቶኪዮ አክሲዮን ገበያ ገብቷል። ዛሬ «ብር አልቆባቸው ነዋ» የሚያስብል ነገር የለም፤ ትልልቅ አዳራሽ የሚሞላ ኮንሰርት ያዘጋጃሉ፣ እዚያ መድረክ ላይ ልጆቹ እግራቸው መሬት ይረግጣል። ሆሎግራ ግን እንደዚያው ቀሽም ነው። ድሮ የሌላቸው ነበሩ፣ አሁን ያላቸው ሆነው እንደሌላቸው ይኖራሉ። ይሄ ነገር ማስመሰል ነው ወይስ መልመድ? አንዳንዴ ማስመሰል መስሎኝ ቅር ይለኛል። ከዚያ አኪ ጉንጉኖቿን አየር ላይ እያንሳፈፈች ትገባለች፣ እኔም ክርክሩን ትቼ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ።