ጀበናዋ አርባ ሰው ሆነች

የምሠራበት ሕንፃ “ብልህ ሕንፃ” ነው ተብሏል። መብራቱን የምታጠፋውና የምታበራው ጣሪያው ላይ የተለጠፈች ነጭ ሳጥን ናት። የሰው ገላ የሚረጨውን ሙቀት ትከታተላለች፤ ሙቀቱ ሲንቀሳቀስ “ሰው አለ”፣ ካልተንቀሳቀሰ “ባዶ ክፍል ነው” ትላለች። እኔ ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሐምሌ ላይ ዓመታዊ ሒሳብ ስንዘጋ ከጣቴ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለኝም። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ሁላችንም እጃችንን አንሥተን እናወዛውዛለን። ባለጉዳይ ከገባ ሰላምታ መስሎት አጸፋውን ይመልሳል።

ግድግዳው ላይ ያለችው ሁለተኛዋ ሳጥን የምትለካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የውጭ አየር ከሚሊዮን እጅ 420 ገደማ ይይዛል፤ ሰው በታጨቀበት ዝግ ክፍል ግን ትንፋሽ ይጠራቀምና ቁጥሩ ያሻቅባል። የእኛዋ 1,000 ሲያልፍ ማራገቢያውን ታስነሣለች፣ ሰው ሲቀንስ ታበርደዋለች፤ ኤሌክትሪክ የሚቆጠበው እንዲህ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ከሰል የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ግን የነገራት የለም።

ዓርብ 9 ሰዓት ላይ ቡና የምታፈላልን እኅታችን ምድጃዋን ልክ ከሳጥኗ ሥር ዘረጋች። ከሰሉ ሲግም ጣሪያው አጓራ። ነፋሱ ዕጣኑን ወደ ኮሪደር፣ ስለይ የዋልኩትን ደረሰኝ ደግሞ ወደ አራቱም ማዕዘን በተነው። ደረሰኝ ከጠረጴዛ ሥር እየለቀምኩ ሳለሁ የሕንፃው አስተዳዳሪ እያለከለኩ ገቡ።

“ስብሰባው የታል? መቆጣጠሪያው አርባ ሰው አለ ይላል!”

“ስድስት ነን ጌታዬ፤ የቀረው ከሰል ነው” አልኳቸው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስሠራ የሌለሁት ሰውዬ፣ አንዲት ጀበና አርባ ሰው ሆና ስትቆጠር ቅር አይለኝም ማለት አልችልም።

አቦል ሳይቀምሱ አይሄዱም ተብሎ ወንበር ቀረበላቸው። ከሰሉ ወደ ሰገነት ወጣ፤ እሳቸውም ፍንጃላቸውን እንደያዙ ስለ ኃይል ቁጠባ ማስረዳት ጀመሩ። ንግግራቸው ረዘመ። ከአክብሮት የተነሣ ማንም አልተነቃነቀም፤ ቡና ቀጂዋ ሳትቀር እጇን አጣምራ አዳመጠች። መብራቱ ድርግም አለ።

እንደ ልማዳችን ሁላችንም እጃችንን አነሣን።

አስተዳዳሪው ፊታቸው በራ። “በተራ፣ በተራ! ለሁሉም ጥያቄ ጊዜ አለ።”