ተራው የጋሼ ነበር

እንኳን ለዓለም ቼዝ ቀን አደረሳችሁ! ዛሬ ሐምሌ 13 ነው። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ፓሪስ ላይ የተመሠረተው በዚሁ ቀን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2019 ዕለቱን አጽድቆልናል። «የሥራ ፈት ጨዋታ» ለሚሏችሁ ዛሬ ደረት ነፍቶ መመለስ ይቻላል። እኔ እንኳ ዘንድሮ ደረት የለኝም።

ጋሼን ስተዋወቃቸው ዓይናቸው አያይም ነበር። መጀመሪያ ፊት ለፊት የተጫወትን ቀን ሁለት ሰሌዳ ተዘረጋ፣ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሳቸው። በእሳቸው ላይ ጥቁሮቹ ቤቶች ከነጮቹ ከፍ ብለዋል፤ በየቤቱ መሐል ቀዳዳ አለ፣ የጠጠሩ እግር እዚያ ይሰካል። ጣታቸው ሰሌዳውን ሲዳስስ ፈረሱ ላይ ቆየና ወደ ሌላ አለፈ። እኔ ሕግ አዋቂዋ «ነክተውታል እኮ፣ እሱን መጫወት አለብዎት!» አልኩ። ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ ነካሁ የሚባለው ከቀዳዳው ስነቅለው ነው።» ደንቡም እንዲያ ነው። ያፈርኩት ማፈር!

ከዚያ ወዲህ በኢንተርኔት፣ ለአንድ እርምጃ ሦስት ቀን እየሰጠን ስንፋለም ዓመታት አለፉ። ስልካቸው ያነብላቸዋል፣ እሳቸው ይጽፋሉ።

የመጨረሻው ጨዋታችን ላይ የእኔ ንጉሥ ኢ5 በሚባለው ቤት፣ ወታደሬ ከኋላው ኢ4፣ የእሳቸው ንጉሥ ከፊቱ ኢ7 ላይ ቆመዋል። ሌላ ምንም የለም። እዚህ የሚጎዳው ባለ ተራው ነው። ተራው የእኔ ቢሆን አቻ እንወጣ ነበር፤ የእሳቸው ስለሆነ ንጉሣቸው መንገድ ከመልቀቅ ሌላ ምርጫ የለውም። ይህንን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን። በሦስተኛው «ጋሼ፣ እጅ መስጠት ከበደዎት እንዴ?» ብዬ ጻፍኩላቸው። ማታ ሰዓታቸው አለቀና ስልኬ «አሸንፈሻል» አለኝ። ነጥብም ጨመረልኝ።

መልሱን የጻፈችልኝ ልጃቸው ናት። ትናንት ነው የቀበርናቸው አለችኝ።

እህቴ፣ ያንን መልእክት አንብበሽ ስላልተቀየምሽኝ አመሰግንሻለሁ። በመጀመሪያው ጨዋታችን እርምጃችንን ሲመዘግብ የዋልከው ልጅ፣ ወረቀቱን ስለላክልኝ አንተንም። እንደ ውድ ዕቃ አስቀምጬዋለሁ።

ለሌሎቻችሁ ምኞቴ አጭር ነው። ሌሊት በብሊትዝ፣ በዚያ በጥቂት ደቂቃ በሚያልቀው ፈጣን ቼዝ፣ ዐሥር ጊዜ ከመሸነፍ ቀን አንዲት እንቆቅልሽ ፍቱ፤ ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። ጀማሪዎች፣ ሠላሳ ሁለቱ ጠጠሮች ካስፈሯችሁ በሁለት ንጉሥና በአንድ ወታደር ጀምሩ፤ እኔ እስካሁን እዚያው ነኝ። የዘገየባችሁን ሰው ደግሞ አትንቆሩት፣ መጀመሪያ ደህንነቱን ጠይቁ።

ያንን አሰላለፍ ዛሬ ጠዋት ሰሌዳዬ ላይ ደረደርኩት። የጋሼን ንጉሥ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ተራው ግን የእኔ ይሁን።